የዮጋ አተነፋፈስ፦ ጉዳቱ የሚጀምረው ከየት ነው?

30 ጊዜ በፍጥነት ተንፍሱ፣ ከዚያ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ የቻላችሁትን ያህል ቆዩ፣ ድገሙት። በየስልኩ የሚዘዋወሩት አጫጭር የአተነፋፈስ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ የሚሰጡት መመሪያ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሰከንዱ እየቆጠረ ነው፣ ከበስተጀርባ ከበሮ ይመታል፣ አሠልጣኙ «ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ጨምር» ይላል። ጥንቃቄው ካለም መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ሰፍሮ ነው፤ ማንም አያነበውም።

ከጥንታዊት ሕንድ የመጣው ፕራናያማ፣ ማለትም የዮጋ አተነፋፈስ ልምምድ፣ የዛሬውን ያህል ብዙ ሰው ዘንድ የደረሰበት ጊዜ የለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ከሰየመ ወዲህ በየዓመቱ በአደባባይ ይሠራል። ቀላልም ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፣ ልብስ አያስለውጥም፣ ወንበር ላይ ተቀምጦም ይቻላል። ምናልባትም ይኸው ቅለቱ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። ክብደት ለማንሳት የሚነሳ ሰው ወገቤን እንዳልጎዳ ብሎ ይጠነቀቃል። ለመተንፈስ የተቀመጠ ሰው ግን ምን ይሆናል ብሎ ይፈራል? አየር ማንን ይጎዳል?

በዝግታና በልክ የተሠራ ልምምድ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ስጋት የለውም። ችግር የሚነሳው ሰውነት «በቃኝ» ሲል ሰውየው አልሰማም ብሎ ሲገፋ ነው። ሰውነት ደግሞ በቃኝ የሚለው ምቾት በመንሳት ነው፤ ሌላ ቋንቋ የለውም። በፕራናያማ ላይ በተደጋጋሚ የሚሰጠው «ምቾት ማጣቱን ተሻገረው» የሚል ምክር ለጀማሪ ሊሰጡ ከሚችሉ ምክሮች ሁሉ የከፋው ነው ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው። ምክንያቱን ለማየት ወደ ደም ውስጥ መግባት ግድ ይላል።

ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ አለ

በኃይልና በብዛት መተንፈስ ደምን በኦክስጅን ይሞላል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ በደሙ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከ95 እስከ 100 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ተሸክሟል። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ 98 ካሳየ፣ የፈለገውን ያህል ቢተነፍስ የሚጨምረው 2 ነው። በፈጣን አተነፋፈስ በእርግጥ የሚለወጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱም ይቀንሳል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሰውነት እንደሚወገድ ቆሻሻ ብቻ አድርገን ተምረናል። ሥራው ግን ብዙ ነው። የደምን የአሲድ መጠን በልኩ ይጠብቃል፣ የአንጎል የደም ሥሮች እንዳይጠቡ ያደርጋል፣ «አሁን ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ በዋናነት የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። በደም ወሳጅ ሥሮች ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በተለምዶ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ሲተነፍስ ይህ ቁጥር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያሽቆለቁላል። ደሙ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ በደም ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚዘዋወረው ካልሲየም ይወርዳል፣ ነርቮች በትንሽ በትልቁ የሚቆጡ ይሆናሉ። የአንጎል የደም ሥሮችም ይጠባሉ። በዚህ ላይ ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቦር እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳየው ነገር አለ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያንስ ሄሞግሎቢን የያዘውን ኦክስጅን አጥብቆ ይይዛል፣ ለሕዋሳት በቀላሉ አይለቅም። ኦክስጅን ልጨምር ብሎ የተነሳ ሰው ወደ አንጎሉ የሚደርሰውን ቀንሶት ያርፋል ማለት ነው።

ይህ በልምምድ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። ልምምዱ ካፓላባቲ ነው፤ የታችኛውን ሆድ ጠበቅ ጠበቅ እያደረጉ አየሩን በአፍንጫ በአጭር በአጭሩ የሚያስወጡበት። ጀማሪዋ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ካሉት ላለማነስ ማስወጣቱን ብቻ ሳይሆን መሳቡንም በኃይል ታደርገዋለች። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ከንፈሯ ዙሪያ ይነዝራታል። ሦስተኛው ላይ የጣቶቿ ጫፍ ይደነዝዛል፣ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ይታጠፋል፣ ልዘርጋው ብትልም እሺ አይላትም። ዓይኗን ስትገልጥ ክፍሉ የራቀ ይመስላታል። አሠልጣኙ «ውስጣዊው ኃይል እየተንቀሳቀሰ ነው፣ አትፍሪ» ይላታል። ሐኪም ቢሆን ከመጠን በላይ ተንፍሰሻል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድሽ ወርዷል፣ አቁሚና ዝም ብለሽ በአፍንጫሽ ተንፍሺ ይላታል። ብታቆም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። አትፍሪ መባሏ ልክ ነው። ቀጥዪ ከተባለች ግን ራሷን እስከ መሳት ልትደርስ ትችላለች።

በነገራችን ላይ ካፓላባቲን በአግባቡ የሚሠሩት ሰዎች የሚያስወጡት አየር ትንሽ ነው፤ መሳቡም ሆዱ ሲላላ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ማንም አይስበውም። ስለዚህ ብዙም አያዞራቸውም። ደረትና ትከሻ ሲንቀሳቀስ ከታየ ልምምዱ ሌላ ነገር ሆኗል። ባስትሪካ የሚባለው ደግሞ መሳቡም ማስወጣቱም በኃይል የሚደረግበት ስለሆነ፣ ያለ አስተማሪ በቪዲዮ ብቻ የሚጀመር ነገር አይደለም።

ትንፋሽ መያዝ

ትንፋሽ ሲያዝ የመተንፈስ ፍላጎቱን በዋናነት የሚያነሳሳው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠራቀም ነው፤ የኦክስጅን ማነስ ከኋላ ነው የሚመጣው። አስቀድሞ በፍጥነት የተነፈሰ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አሟጥጦ ስለጀመረ ማስጠንቀቂያው ይዘገይበታል። ኦክስጅኑ ግን በዚያው ፍጥነት እየቀነሰ ነው። ቻልኩት፣ ቀለለኝ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ያዝኩ ብሎ በሚደሰትበት ሰዓት ምንም ሳይሰማው ራሱን ሊስት ይችላል። ምንጣፍ ላይ ከተጋደመ ብዙ ጊዜ ነቅቶ ይነሳል። ቆሞ ከሆነ ይወድቃል። ውኃ ውስጥ ከሆነ ይሞታል። ከመዋኘታቸው በፊት በፍጥነት ተንፍሰው ጠልቀው የቀሩ ጎበዝ ዋናተኞች ጥቂት አይደሉም። ፈጣን አተነፋፈስም ሆነ ትንፋሽ መያዝ በመዋኛ፣ በመታጠቢያ ገንዳ ወይም መሪ ጨብጦ የማይሠራው ለዚህ ነው። በሌላው ነገር ላይ እንደየሰው ይለያያል ማለት ይቻላል፤ በዚህ ላይ ግን አይቻልም።

በባህሉ ውስጥ የሚጠቀሰው የታወቀ ልኬት 1 ለ4 ለ2 ነው፤ መሳቡ 1 ከሆነ መያዙ 4፣ ማስወጣቱ 2። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። እስኪ እናስላው። 4 ሰከንድ የሳበ ሰው 16 ሰከንድ ይይዛል፣ 8 ሰከንድ ያስወጣል። አንዱ ትንፋሽ 28 ሰከንድ ወሰደ፤ በደቂቃ ሁለት ትንፋሽ ገደማ ማለት ነው። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ15 ወደ 2 በአንድ ቀን መውረድ የሚችል ሰው የለም፤ የቻለ የሚመስለው ታግሎ ነው። ትግሉ ደግሞ ፊት ላይ ይነበባል። ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ መንጋጋ ይነከሳል፣ የአንገት ሥር ይገተራል፣ ፊት ይቀላል። ጉሮሮ ተዘግቶ ደረት ሲጨነቅ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ የደም ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል፣ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል። ለወጣትና ጤነኛ ሰው ይህ የሚያልፍ ነገር ነው። የደም ሥሩ ወይም ዓይኑ ቀድሞ ለተጎዳ ሰው ግን አይደለም።

ይህን ጥንቃቄ የዘመኑ ሐኪሞች ፍርሃት አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። እንዲያውም ማስጠንቀቂያውን ቀድመው የሰጡት ባለቤቶቹ ናቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» በሁለተኛው ምዕራፉ አንበሳ፣ ዝሆንና ነብር ቀስ በቀስ እንደሚገሩ ትንፋሽም ቀስ በቀስ ሊገራ ይገባል፤ አለዚያ ባለቤቱን ይገድላል ይላል። ቀጥሎም በስህተት የሚሠራ ፕራናያማ የሚያመጣውን ይዘረዝራል፤ ስቅታ፣ አስም፣ ሳል፣ የራስ፣ የጆሮና የዓይን ሕመም። ከ500 ዓመት በፊት የተጻፈ የጎንዮሽ ጉዳት መግለጫ ነው፤ ዛሬ በየቪዲዮው ሥር ቢለጠፍ ብዙ ሰው ይጠቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ስዋሚ ኩቫላያናንዳ በሕንድ ሎናቭላ ካይቫልያዳማ የተባለውን ተቋም ሲመሠርት ደግሞ ዓላማው የዮጋ ልምምዶችን በላቦራቶሪ መፈተሽ ነበር። ጥያቄ ማንሳት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም።

የዝግታው ጥቅም፣ በልኩ

በዝግታ መተንፈስ የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። አየር ስንስብ የልብ ምት ፈጠን ይላል፣ ስናስወጣ ዝግ ይላል። ማስወጣቱ ሲረዝም ልብን የሚያረጋጋው የቬገስ ነርቭ ሥራ ይበረታል። በደቂቃ ወደ 6 ትንፋሽ ገደማ ሲደረስ፣ ማለትም አንዱ ትንፋሽ 10 ሰከንድ ሲወስድ፣ የትንፋሹ ዙርና የደም ግፊትን የሚያስተካክለው የሰውነት ሥርዓት ዙር ይገጣጠማሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች በላቲን የማርያምን ጸሎት እንዲደግሙ፣ በሌላ ጊዜም የዮጋ ማንትራ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚባል ቃል፣ እንዲሉ አደረጉ። ሁለቱም ትንፋሹን ወደዚያው ወደ 6 አወረዱት። ሰዎቹ መቁጠር አላስፈለጋቸውም፤ ድግሙ ራሱ ትንፋሹን መራው። ይህን ጥናት የምወደው ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ምስጢር እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው።

ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት በቀን 5 ደቂቃ ብቻ ለአንድ ወር የተሠሩ ሦስት የአተነፋፈስ ዘዴዎችን ከማሰላሰል ጋር አነጻጽሯል። በስሜት መሻሻል ጎልቶ የታየው ሁለት ጊዜ አከታትሎ በአፍንጫ ስቦ በረጅሙ በአፍ የማስወጣት ዘዴ ነበር፤ ማለትም አውቆ በረጅሙ እፎይ ማለት። ፈጥኖ ተንፍሶ መያዝም ከተፈተሹት አንዱ ነበር፣ እሱም ያለ ጥቅም አልቀረም። ግን የበለጠው ረጋ ያለው ነው። ለመረጋጋት ሲባል አደጋ የሚጋበዝበት ምክንያት የለም ለማለት ይህ ይበቃኛል።

አሁን ብዙ አስተማሪዎች ወደሚዘሉት ነገር እንምጣ። በዝግታ መተንፈስም ከልክ ሊያልፍ ይችላል። በአንድ ተራ ትንፋሽ የሚገባው አየር ግማሽ ሊትር፣ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 150 ያህሉ በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በአየር ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ የሚመለስ ነው፤ ለደም አይደርስም። በደቂቃ 12 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ጥቅም ላይ የሚያውለው 12 ጊዜ 350፣ ማለትም 4.2 ሊትር ነው። ይኸው ሰው ወደ 6 ትንፋሽ ወርዶ እያንዳንዱን እጥፍ፣ 1 ሊትር ቢያደርገው 6 ጊዜ 850፣ 5.1 ሊትር ይሆናል። ቀስ አልኩ ሲል ሳያውቀው አብዝቶ ተነፈሰ። ያንኑ 4.2 ሊትር ለማግኘት 850 ሚሊ ሊትር ይበቃው ነበር። እንግዲህ በዝግታ ተቀምጦ «እየተነፈስኩ ነው እንጂ ምንም አላደረግኩም፣ ለምን አዞረኝ?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ ሳንባውን እስከ ጫፉ እየሞላ ነው። ዝግ ያለው ትንፋሽ ለስለስ ያለም መሆን አለበት። ደረት ተወጥሮ እስኪቆም መሳብ አያስፈልግም፤ ጥቂት ቦታ ሲቀር ማቆም ይሻላል።

ታዲያ እንዴት ይሠራ?

ከምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ ጥሩ ነው፤ የሞላ ሆድ ድያፍራምን፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ወደ ታች አያወርደውም። አቀማመጥ ላይ የሚባክነው ጊዜ ያሳዝናል። እግርን ማጣጠፍ ያልቻለ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ጀርባው የሚያመው ይደገፍ ወይም ጉልበቱን አጥፎ ይጋደም። ወገብ ሳይጎብጥ፣ ትከሻ ሳይገተር፣ የሱሪ ቀበቶ ሆድን ሳያንቅ መቀመጥ ከተቻለ በቂ ነው። በአፍንጫ መተንፈሱ አየሩን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ አቧራውን ያስቀራል፣ ፍጥነቱንም ይገታል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ባይለወጥ እመርጣለሁ። አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ አንዱ ደረት ላይ አድርጎ የትኛው እንደሚንቀሳቀስ ማየት ብቻ። የላይኛው እጅ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሆድን መግፋት መፍትሔ አይሆንም፤ ሆድን ማላላት ግን ይሆናል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ሆዱን ሸክፎ ይውላል። ከላላ በኋላ ማስወጣቱን ትንሽ ማርዘም ይቻላል፤ 3 ቆጥሮ ስቦ 4 ቆጥሮ ማስወጣት። ይህ ያለ ጥረት ሲሆን 4 ለ5፣ ከዚያ 4 ለ6። 4 ለ6 ላይ 10 ሰከንድ ሞላ፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ማለፍ አያስፈልገውም። 3 ለ4 ላይ የቀረም ምንም አልጎደለበትም፤ ትንፋሹ ለቁጥሩ እንዲታዘዝ ሲደረግ ነው ችግር የሚጀምረው።

ልኩ መታለፉን የሚነግር ቀላል መፈተሻ አለ። አየሩን አስወጥተው ሲጨርሱ ቀጣዩ መሳብ እንዴት እንደሚመጣ ይመልከቱ። በራሱ ጊዜ፣ ያለ ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ ከመጣ ልኩ ላይ ነዎት። ቀማ አድርጎ፣ ደረት ብድግ ብሎ ከመጣ ማስወጣቱ ረዝሞብዎታል፤ አንድ ቁጥር ይቀንሱ። ሰዓት ቆጣሪም ሆነ የስልክ መተግበሪያ ይህን አይነግርዎትም፤ መተግበሪያው ለሁሉም አንድ ዓይነት ክብ ነው የሚያሰፋውና የሚያጠበው።

በአንድ በአንድ አፍንጫ የሚሠራው ናዲ ሾድሃና ለጀማሪ ከሚመቹት አንዱ ነው፤ እጅ ስለሚይዘው ለመቸኮልም አያመችም። የቀኝ እጅ ጠቋሚና መሐል ጣት ወደ መዳፍ ይታጠፋሉ፤ አውራ ጣት ለቀኙ ቀዳዳ፣ የቀለበት ጣት ለግራው ይሆናል። የሚነካው ከአጥንቱ በታች ያለው ለስላሳው ክፍል ነው፤ መነካት ብቻ ይበቃዋል፣ አፍንጫው እስኪጣመም አይጫንም። በግራ ስቦ በቀኝ ማስወጣት፣ በቀኝ ስቦ በግራ ማስወጣት፤ አንድ ዙር ይኸው ነው። ክንድ ሲደክም በሌላኛው እጅ ክርኑን መደገፍ ይቻላል። ብዙ ሰው አንዱ ቀዳዳ ጠበበኝ ብሎ ይጨነቃል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪሐርድ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1895 እንደገለጸው የአፍንጫችን ሁለት ወገኖች በየተወሰነ ሰዓቱ ተራ እየተቀያየሩ አንዱ ሲሰፋ አንዱ ይጠባል። ጤናማ ነገር ነው። በጠባቡ በኩል በኃይል ከመሳብ ዝግታውን መጨመር ይሻላል፤ ጉንፋን ከያዘ ደግሞ ያን ሰሞን መተው።

ብራህማሪ የሚባለው፣ ከንፈር ገጥሞ ጥርስ ሳይነካካ «እምምም» እያሉ የሚያስወጡበት ልምምድ፣ ተገቢውን ቦታ አላገኘም ባይ ነኝ። ድምፁ ማስወጣቱን በራሱ ያረዝመዋል፣ አብዝቶ ለመተንፈስ አያመችም፣ ትንፋሽ መያዝም የለበትም። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት እምምም እያሉ ሲያስወጡ በአፍንጫ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ዝም ብሎ ከማስወጣት 15 እጥፍ ይሆናል፤ ጋዙ የደም ሥርን የሚያሰፋ ነው። ከዚህ ተነስቶ እንዲህ ያለ በሽታ ይፈውሳል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በኡጃዪ፣ በጉሮሮ ሹክሹክታ በሚሠራው ላይ አንድ ቃል ብቻ፤ ድምፁን ባለቤቱ ከሰማው ይበቃል። ጎረቤት ከሰማው ጉሮሮው መድረቁ አይቀርም።

ማን ምኑን ይተው?

ነፍሰ ጡር ሴት ትንፋሽ መያዝንና ሆድን በኃይል የሚያስጨንቁትን ሁሉ ብትተው ይሻላል፤ ለስላሳው ረጅም ማስወጣት ግን ይጠቅማታል። ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ወይም በሌላ ደም ሥር ላይ ያበጠ ቦታ፣ ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም፣ ቡአ ወይም በቅርቡ የተደረገ የሆድ፣ የደረት ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና ያለበትም እንዲሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከፈጣን አተነፋፈስ መራቁ ዝም ብሎ ጥንቃቄ አይደለም፤ የአንጎልን ሞገድ የሚመረምሩ ባለሙያዎች አንዳንድ ዓይነት መናድን ለመቀስቀስ በሽተኛውን ለ3 ደቂቃ ያህል በፍጥነት እንዲተነፍስ ያደርጉታል። ሐኪም በክትትል የሚያደርገውን ብቻውን ቤት ውስጥ ማድረግ የለበትም። አስም ያለበት የሚነፋውን መድኃኒት አጠገቡ አድርጎ ረጋ ያለውን ይሥራ፤ የአተነፋፈስ ልምምድ የአስም በሽተኞችን የዕለት ኑሮ ሊያሻሽል ይችላል፣ መድኃኒቱን ግን አይተካም። የደም ግፊትም ያው ነው፤ በዝግታ መተንፈስ የሚያወርደው መጠን ትንሽ ስለሆነ ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም።

ስለ ጭንቀት ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ወደ ትንፋሽ ልምምድ የሚመጣው ሰው አብዛኛው በእሱ ምክንያት ነውና። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት የሚደርስበት ሰው ልቡ ስትመታ፣ ደረቱ ሲጨንቀው፣ ጣቱ ሲደነዝዝ «መጣብኝ» ይላል። ፈጣን አተነፋፈስ እነዚህኑ ስሜቶች አንድ በአንድ ያመጣለታል። ለአንዳንዱ ደግሞ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሹን መከታተሉ ብቻ ያስጨንቀዋል፤ ባየው ቁጥር ትንፋሹ የሚያጥረው ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ተቋቋመው» ማለት አያግዘውም። ዓይኑን ከፍቶ፣ የእግሩን መርገጫ እያሰበ፣ ወይም በዝግታ እየተራመደ እምምም ማለት ይችላል፤ ሁለት ደቂቃ ከበቃው ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ትንፋሽን መከታተል የማይስማማው ሰው መኖሩን መቀበልም ደግ ነው፤ መረጋጋት በሌላ መንገድም ይመጣል።

ቀላል ማዞር፣ መንዘር፣ ማቅለሽለሽ ወይም መቁነጥነጥ ሲመጣ ልምምዱን አቁሞ፣ ምንም ሳይቆጥሩ ትንፋሹን ለራሱ መተው ነው። የድሮውን ምክር ተከትሎ በወረቀት ከረጢት መተንፈስ አሁን አይመከርም፤ ማዞሩ የመጣው ከልብ ወይም ከሳንባ ከሆነ ኦክስጅን ያሳጣል። ሲጨርሱም ብድግ ከማለት አንድ ደቂቃ ያህል መቀመጥ። የደረት ሕመም፣ በአንድ ወገን ድንገት የሚወጋ ስሜት ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ ራስን መሳት፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ ከዚህ በፊት ያልታየ ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ ግን ነገሩ የልምምድ መሆኑ ቀርቷል፤ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ካፓላባቲ ስትሠራ ሳንባዋ አየር ያፈሰሰ የ29 ዓመት ሴት ጉዳይ ታትሟል። ብርቅ ነገር ነው፣ ለዚህም ነው የታተመው። ቶሎ ለይቶ ለማወቅ ግን ብርቅ መሆኑ አይረዳም፤ ምልክቱን ማወቁ ይረዳል።

አስተማሪ የሚፈልግ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንዱ ሲያዞረኝ ምን ላድርግ የሚል ነው። ሁለተኛው ትንፋሽ መያዝ የሚጀመረው መቼ ነው የሚል። ለመጀመሪያው «አቁም»፣ ለሁለተኛው «እንደ ሰውነትህ ሁኔታ፣ ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም ጭራሽ ላያስፈልግህ ይችላል» ካለ፣ ደግሞም መልስ ከመስጠቱ በፊት ስለ ጤናዎ ከጠየቀ፣ መመዝገብ ይቻላል። «ማዞሩ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጥል» የሚል ከሆነ ሌላ ክፍል መፈለግ ነው።